ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ጎርፉ ከየት ይመጣል?

ቆቦ ላይ ጠብታ ዝናብ የለም። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። የሆርማት አሸዋ ደርቋል፤ ሰውም ከብትም እንደ መንገድ ይሄድበታል። ድንገት ከላይ በኩል ጉምጉምታ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ ድንጋይና ግንድ ያዘለ ድፍርስ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል።

ለሌላ አገር ሰው "ዝናብ ሳይዘንብ ጎርፍ?" ያስብላል። ለራያ ሰው ግን አዲስ አይደለም። ታዲያ ሁሉም የሚያውቀው አደጋ ለምን ሰው ይወስዳል?

ቆቦ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በምዕራብ ያሉት ተራሮች ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። ሆርማትም ጎሊናም አላ ውሃም የሚነሱት ከዚያ ነው። ተራራው ገደላማ፣ ዛፉም የተመናመነ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ሳይሰርግ ቁልቁል ይነዳል። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ደመናውን ከሩቅ ያያል እንጂ ዝናቡ አይነካውም። ከመሸ ደግሞ ደመናውንም አያይም።

ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የደረሰባት ይኸው ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። የሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ።

የራያን ነገር የሚያወሳስበው አንድ ነገር አለ፤ እዚህ ጎርፍ ጠላት ብቻ አይደለም። ገበሬው እየጠለፈ ማሽላው ላይ ያስገባዋል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት እንጀራው እሱ ነው። ስለዚህ ጎርፍ መጣ ሲባል የሚሸሽ እንዳለ ሁሉ አካፋ ይዞ ወደ ወንዙ የሚሮጥም አለ። "ከወንዝ ራቁ" ብሎ መፈክር መለጠፍ ለዚህ ሰው ምንም አይነግረውም።

ሌላው "ጉልበት ድረስ ነው፣ እንሻገራለን" የሚለው ነገር ነው። በኃይል የሚወርድ ውሃ ቁርጭምጭሚት ትንሽ አልፎ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይገፋል፤ ባጃጅማ አይጠየቅም። 60 ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ይሄ ንጹሕ ውሃ ሲሆን ነው፤ የእኛው ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው።

በሬው ተወሰደ ብሎ፣ ጓደኛው ተወሰደ ብሎ ተከትሎ የሚገባም አለ። ጎፋ ላይ ሐምሌ 2016 መሬት ሲናድ ከሞቱት ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። ገመድ ወይ ረጅም እንጨት ከዳር መወርወር ይሻላል፣ ከባድ ቢሆንም።

የአየር ትንበያው "የሰሜን ምሥራቅ አካባቢዎች" ይላል፤ የትኛው ወንዝ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ አይናገርም። ያንን የሚያውቀው ደጋ ላይ ዝናቡ እየወረደበት ያለው ሰው ነው። ውሃው ሜዳው እስኪደርስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ለአንድ ስልክ ግን ይበቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚኮን ታውቁታላችሁ፤ ዳታ ባይኖርም ግን ተራ ጥሪ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ቆላ ያለ ሰው ደጋ ዘመድ አያጣም።

ተራራው ላይ ያላችሁ ተከታታዮቻችን፣ ከባድ ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ ቆላ ላለው ሰዋችሁ ደውሉ። ከዚያ ቦታውንና ሰዓቱን በውስጥ መስመር ላኩልን፤ ወዲያው እንለጥፋለን።