የበቆሎ ማዳበሪያ እንደ ማሳው ጠባይ ሊመደብ ይገባል

በበቆሎ አምራች ወረዳዎች የክረምቱ እርሻ በተቃረበ ቁጥር ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች በብዛት የሚቀርበው ጥያቄ፣ ለማኅበሩ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ደረሰው የሚል ነው። የደረሰው ማዳበሪያ በየትኛው ማሳ ላይ ቢውል ዋጋውን ይመልሳል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም።

ዳፕና ዩሪያ በ1960ዎቹ ለአገሪቱ ገበሬ መተዋወቅ ከጀመሩ ወዲህ ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የቆየው ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። ይህም 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ማለት ነው። ምክሩ ለማስታወስም ሆነ ለማደል ቀላል ነበር። ከባኮ ምርምር ማዕከል እንደወጣው ቢኤች 660 ካሉ ድቅል ዘሮች ጋር በመቀናጀቱም ጥቅም አስገኝቷል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሄክታር 15 ኩንታል ገደማ የነበረው የአገሪቱ አማካይ የበቆሎ ምርት በ2006 ዓ.ም. ገደማ ከ30 ኩንታል በላይ ደርሷል።

ይሁን እንጂ ይህ ምክር ማሳን ከማሳ አይለይም። የጓሮ መሬት ፍግና አመድ ሲደርሰው የኖረ ነው። ከቤት ርቆ የሚገኘው ማሳ ግን ፍግ ሳያገኝ፣ አገዳውም በየዓመቱ እየተነሳ ተራቁቷል። ባለፈው ዓመት ባቄላ ወይም አኩሪ አተር የተዘራበት ማሳ፣ በቆሎ በበቆሎ ላይ ከተደጋገመበት ያነሰ ናይትሮጅን ይበቃዋል።

ከሁሉ የከፋው ችግር የአፈር አሲዳማነት ነው። በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 40 ከመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ የተጠቃ ነው። አሲዳማ አፈር ፎስፎረሱን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ለተክሉ ይነፍገዋል። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ማዳበሪያ መደራረብ ከምርቱ ይልቅ የገበሬውን ዕዳ ያበዛል። የሚቀድመው ኖራ ነው፤ መጠኑ በአፈር ምርመራ ተወስኖ፣ ከዘር አንድ ወር ያህል አስቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መደባለቅ አለበት። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ባሻቀበ ጊዜ እንደታየው፣ ያለ ቦታው የፈሰሰ አንድ ኩንታል የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም።

እያንዳንዱን ማሳ በላቦራቶሪ ማስመርመር አዳጋች ቢሆንም ማኅበራት በእጃቸው ያለ ዘዴ አላቸው። በመጀመሪያ ማሳዎችን በአፈሩ ቀለም፣ ከቤት ባላቸው ርቀትና ባለፈው ዓመት በተዘራባቸው እህል በሦስት ወይም በአራት ምድብ መክፈል ነው። ቀጥሎም በየምድቡ ጎን ለጎን 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦችን ለክቶ፣ አንዱን ያለ ማዳበሪያ መተው፣ በሌላው ላይ 1 ኪሎ ኤንፒኤስና 1 ኪሎ ዩሪያ ማዋል ነው። ኤንፒኤሱ ከዘር ጋር ይገባል። ዩሪያው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ እርጥበት ባለው አፈር ላይ ተጨምሮ አፈር ይለብሳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መደቡ የሄክታር መቶኛ በመሆኑ ከመደቡ የተገኘ እያንዳንዱ ኪሎ በሄክታር አንድ ኩንታል ማለት ነው። በሁለቱ መደቦች መካከል ያለው ልዩነት 20 ኪሎ ቢሆን ማዳበሪያው በሄክታር 20 ኩንታል ጨምሯል ማለት ነው። ልዩነቱ 4 ኪሎ ብቻ ከሆነ ግን ገበሬው የ4 ኩንታል በቆሎን ዋጋ ከማዳበሪያው ዋጋ ጋር ማመዛዘን ይኖርበታል። ለአፈር ምርመራ ቅድሚያ ሊሰጠውም የሚገባው እንዲህ ያለው ማሳ ነው።

እርግጥ ነው፣ ድርሻው የተቀነሰበት አባል ቅሬታ ማንሳቱ አይቀርም። ማዳበሪያን በእኩል ማደል ከአድልዎ የጸዳ መስሎ ስለሚታይ ብዙ መሪዎች ይህንኑ ይመርጣሉ። ነገር ግን ኖራ የሚያሻውን ገበሬ የማይመለስ ዕዳ ማሸከም ፍትሕ ሊባል አይችልም። ስለሆነም የመደቦቹ ምርት በአባላቱ ፊት ታጭዶ በአባላቱ ፊት ሊመዘን ይገባል። ሚዛኑን በዓይኑ ያየ ገበሬ ለከርሞ የሚጠይቀው ጎረቤቱ የወሰደውን ያህል ሳይሆን ማሳው የሚፈልገውን ያህል ይሆናል። ይህንንም ከመጪው የዘር ወቅት በፊት በጠቅላላ ጉባኤ መክሮ መወሰን ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቅ ተግባር ነው።