«ሳቀለት» እና «ሳቀበት»

አማርኛ በአንዲት ፊደል ወገንና ባላጋራን ይለያል። መሰከረለት፣ መሰከረበት። ፈረደለት፣ ፈረደበት። ሳቀለት፣ ሳቀበት። ሕፃን የሳቀለት ሰው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል፤ ሰፈር የሳቀበት ሰው በሩን ዘግቶ ይቆዝማል። አሾፈ፣ አላገጠ፣ አፌዘ፣ ተሳለቀ፣ ዘበተ የሚሉት ቃላት ደግሞ ሁሉም የሚስማማቸው «በት» ነው። «አላገጠለት» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ቃላቱ ግን አንድ አይደሉም። የሚያሾፍ ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ ቁም ነገር የሚያወራ ይመስላል። ለበጣ ከንፈር ላይ ብቻ የሚቀር ሳቅ ነው። ሽሙጥ ሌላውን እየጠሩ አንተን ይወጋል። ማላገጥ ድምፅን፣ አካሄድን፣ የአፍን አከፋፈት ሳይቀር እየቀዱ በባለቤቱ ፊት ማሳየት ነው፤ ከሁሉም የሚያመው ይኸኛው ይመስለኛል፣ ሰውየው በገዛ ድምፁ ነዋ የሚሰደበው። ተረብ የተለየ ነው። የተተረበ መልሶ ይተርባል፣ ሁለቱም እኩል ቆመው ይሳሳቃሉ። ዛሬ ይህ ሁሉ «ሙድ መያዝ» በሚለው ተጠቅልሏል፤ የተከፋ ሰው ቅሬታ ቢያሰማ መልሱ «ቀልድ አይገባህም እንዴ?» ነው።

ይህን የምጽፈው በበዓል ዝግጅቶችና በአጫጭር ቪዲዮዎች ስለለመድነው አንድ የማሳቂያ ዘዴ ነው። ገጸ ባሕሪው ብዙ ጊዜ ዘበኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ነው። ከአማርኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ አፉን ፈቷል። ወንዱን «አንቺ» ይላል፣ «ጠ»ን «ተ» ያደርጋል። ሌላ ቀልድ የለውም፤ አዳራሹ ግን ይስቃል።

«አንቺ»ና «አንተ»ን የሚያቀያይር ሰው አእምሮው የጎደለ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ ተናጋሪው አማርኛ ሲማር እስከዚያ ድረስ ያላስፈለገውን ልዩነት ሊይዝ ነው የሚታገለው። ሶማልኛና አፋርኛ እንደ «ጠ» እና «ጨ» ያሉ ድምፆች የሏቸውም። እኛስ የአፋን ኦሮሞን «ዸ» በትክክል ለማውጣት ስንት ጊዜ ነው የምንሞክረው? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ከሆነው ሕዝብ አማርኛ የአፍ መፍቻው የሆነው 21.6 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከ10 ሰው 3 ያህሉ ማለት ነው። ሌላው አማርኛን የሚናገር ከሆነ ተምሮ፣ ለፍቶ ነው። ቋንቋችንን ሊናገርልን የመጣውን እንግዳ ነው የምናላግጥበት።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር በሒሳብ ማንም የማይደርስበት ልጅ ክፍላችን ውስጥ ነበር። አንድ መምህር የልጁን አነጋገር እየደገመ ክፍሉን አሳቀ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሲጠየቅ እጁን አላወጣም፤ መልሱን ደብተሩ ላይ ጽፎ ለጎኑ ልጅ ያሳየዋል፣ የጎኑ ልጅ ተነሥቶ ይመልሳል። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ያዝዙታል። «ሲቦሌት» ያለው ጠላታቸው ኤፍሬማዊ ነው፤ ይታረዳል። መጽሐፉ የሞቱትን 42 ሺህ ይላቸዋል። አዳራሽ ውስጥ የሚስቅ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው አላልኩም። ነገር ግን ሰውየው የሚለውን ትቶ ፊደሉን የሚያደምጥ ጆሮ የት ሊያደርስ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልገናል።

አስመስሎ መጫወት ይቅር የሚል ካለ አልስማማም። ቴአትራችን የጀመረው በእሱ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያና ከፈረንሳይ ትምህርት የተመለሱ ሰው ነበሩ፤ በመጀመሪያው ቴአትራችን በ«ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የዘመናቸውን ሹማምንት በአውሬ አስመስለው መድረክ ላይ አቆሙ። ንግሥት ዘውዲቱ አሳገዱት። ያ ቴአትር የሳቀበት ሰው ማገድ የሚችል ሰው ነበር። አለቃ ገብረ ሐናም እስከ ዛሬ የሚወሱት በመኳንንቱ ፊት በተናገሩት ቀልድ ነው። የእኛ ዘበኛ ምን ማገድ ይችላል?

ስለዚህ ለመጪው በዓል ጽሑፍ የምታዘጋጁ ወገኖቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ያን ገጸ ባሕሪ ካስገባችሁት አነጋገሩን እንደያዘ ብልሁ እሱ ይሁን፤ ነገር የሚገባው፣ ጌታውን በተረብ የሚረታ እሱ ይሁን። የሚጫወተውም በዚያ ቋንቋ አፉን የፈታ ተዋናይ ይሁን፣ ጽሑፉንም ከመቀረጹ በፊት አንብቦ የከፋውን መስመር የመሰረዝ ሥልጣን ስጡት።