ካርድ ይዞ ገብቶ ካርድ ይዞ መውጣት

የነጋዴዎች የትውውቅ ስብሰባ ጥሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰው ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ማተሚያ ቤት ሄዶ ካርድ ማሳተም ነው። በሱቁ ከእርሱና ከአንድ ተላላኪ ሌላ ሠራተኛ ባይኖርም ከስሙ ሥር «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ይጻፍለታል። በስብሰባው ዕለት ሱቁን እኩለ ቀን ላይ ለተላላኪው ትቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ወደ ሆቴሉ አዳራሽ ይሄዳል። በር ላይ ይመዘገባል፤ ደረቱ ላይ የስም ወረቀት ይለጠፍለታል። ከዚያ በኋላ ማንም አያናግረውም።

የፊት ወንበሮች ቀድሞ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። አስመጪው ከአስመጪ፣ የባንክ ሰው ከባንክ ሰው ጎን ይቀመጣል። አዲሱ ሰው ኋላ ካለው አምድ ሥር ቦታ ይዞ የክብር እንግዳውን ይጠብቃል። የክብር እንግዳው ይዘገያል። ሲመጣም ንግግር አለ፤ ከንግግሩ ቀጥሎም ሌላ ንግግር። ሻይ ሲደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጥና በዚያች አሥራ አምስት ደቂቃ ሁሉም እየተጋፋ ካርድ ይለዋወጣል። አዲሱ ነጋዴ ሠላሳ ካርድ ሰጥቶ ሃያ አምስት ተቀብሎ ይወጣል። በማግስቱ ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ ከሒሳብ መዝገቡ ጎን ያስቀምጣቸዋል። እዚያው ይቀራሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የግማሽ ቀን ገበያና የታክሲ ኪሳራ ብቻ በሆነ ነበር። ጉዳቱ ግን ከዚያ ይሰፋል። በአዲስ አበባ ገበያ ዕቃ የሚንቀሳቀሰው በጥሬ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዱቤና ቀን በተጻፈበት ቼክ እንደሆነ ማንም ነጋዴ ያውቀዋል። ጅምላ ሻጩ ቼኩን ከመቀበሉ በፊት የሚጠይቀው ስለ ንግድ ፈቃዱ አይደለም፤ «ማን ያውቀዋል?» ብሎ ነው። ለዚህች ጥያቄ መልስ የሚሰጥለት ሰው የሌለው ነጋዴ ዕቃ የሚያገኘው ጥሬ ብር ቆጥሮ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ጥያቄዋ ከብዳለች። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በዚያ ወር አንድ ዶላር 57 ብር ግድም የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ዕቃውን በዱቤ የሰጠ አስመጪ ገንዘቡን በወሩ መጨረሻ ሲሰበስብ ያንኑ ያህል ዕቃ መልሶ ማስመጣት የማይችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። እንዲህ የተቃጠለ ሰው ከዚያ በኋላ ዱቤ የሚሰጠው በደንብ ለሚያውቀው ብቻ ቢሆን አይፈረድበትም። ስለዚህ በስብሰባው አዳራሽ አምድ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የሚወጣው ሰው ያጣው ሻይ አይደለም፤ የሦስት ወር ዱቤ ነው።

ለመሆኑ ይህ የትውውቅ ስብሰባ ከየት መጣ? በውጭው ዓለም የታወቀው መነሻ የቺካጎው ሮታሪ ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ ከአንድ የማዕድን መሐንዲስና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተሰበሰበ። የማኅበሩ ስም የመጣው በየአባላቱ ቢሮ በተራ እየዞሩ ይሰበሰቡ ስለነበር ነው። ከየሙያው አንድ ሰው ብቻ መቀበልም የቀድሞ ደንባቸው ነበር። ከ80 ዓመት በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. አይቫን ማይዝነር በካሊፎርኒያ የመሠረተው ቢኤንአይ ይህንኑ ደንብ ወስዶ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ፣ እያንዳንዱ አባል በአጭር ደቂቃ ሥራውን የሚያስተዋውቅበትና ደንበኛ ለሌላው የሚመራበት ድርጅት አደረገው። አንድ ጠበቃ፣ አንድ ቀለም ሻጭ፣ አንድ የመድን ወኪል፤ ሁለተኛ ጠበቃ አይገባም። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ተፎካካሪ በሌለበት ሁሉም ለሁሉም ደንበኛ መላክ ይችላል።

መርካቶ የተሠራው በተቃራኒው ነው። ሸማ ተራ ሸማ ነው፤ ቦምብ ተራና ምናለሽ ተራም የየራሳቸው ዕቃ አላቸው። ነጋዴው ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከተፎካካሪዎቹ ጋር ነው፤ በደንብ የሚያውቃቸውም እነርሱን ነው። ጎረቤቱ ያጣውን ዕቃ ከእርሱ ሱቅ ወስዶ ይሸጣል፤ ማታ ይተሳሰባሉ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ይሁን እንጂ ሴራሚክ ሻጭን ከትራንዚተር፣ ከጭነት መኪና ባለቤትና ከሥራ ተቋራጭ ጋር አያገናኝም። ይህን ክፍተት ለረጅም ጊዜ የሞላው እቁብ ነው፤ አሁንም የሚሞላው እርሱ ነው። በአንድ እቁብ ውስጥ የልዩ ልዩ ሙያ ሰዎች ይገባሉ። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። «ማን ያውቀዋል?» የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ በግልጽ የሚጠየቅበትና በግልጽ የሚመለስበት ቦታ ይኸው ነው። ዱቤ ለመስጠት የሚያመነታ ጅምላ ሻጭ የእቁቡን ዳኛ ቢጠይቅ ከማንኛውም የደረት ወረቀት የበለጠ ይነግረዋል።

የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ ምክር ቤቶችና የዘርፍ ማኅበራት የሚመሩበት አዋጅ ቁጥር 341ም በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። የምክር ቤት፣ የዘርፍ ማኅበርና የግል አዘጋጆች መድረክ በዝቷል፤ በቴሌግራም የሚጠራሩ የነጋዴ ቡድኖችም አዳራሽ መከራየት ጀምረዋል። ዘገምተኛ የሆነው አቀባበሉ ነው። ከውጭ የተቀዳው «ተነሥተህ ራስህን አስተዋውቅ» የሚለው ልማድ በተለይ ችግር አለበት። ራሱን በራሱ የሚያሞግስ ሰው በአገሩ ሰው ዘንድ አይወደድም። ሰው የሚታወቀው በሌላ ሰው አፍ ነው፤ «ይኼ ልጅ የእገሌ ጎረቤት ነው፣ አሥር ዓመት አውቀዋለሁ» ሲባል ነው። ማይክሮፎን ተሰጥቶት «ጥራት ያለው ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ» እያለ ያደገውን ይሉኝታ እንዲጥል የሚገደድ ነጋዴ ያፍራል፤ አዳማጩም ያፍርለታል። አዘጋጆቹ አንዱን ንግግር ቆርጠው የሻይ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ቢያደርጉት፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰውም ከነባር አባላት አንዱን መድበው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ቢያዞሩት ወጪ የለውም። ስብሰባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት ቢያልቅ ደግሞ ብዙ ሴት ነጋዴዎች በመጡ ነበር።

ጥፋቱ ግን የአዘጋጆቹ ብቻ አይደለም። አዲሱ ሰው የሚገባው ለመሸጥ ነው፤ በአዳራሹ ያለው ሁሉ ሊሸጥ እንጂ ሊገዛ እንዳልመጣ አያስብም። መቶ ሻጭ የተሰበሰበበት፣ ገዢ የሌለበት ገበያ ነው። በዚህ ረገድ ከደላላው መማር ይቻላል። ጎበዝ ደላላ አዳራሽ ሲገባ ስለራሱ አያወራም፤ «ምን ጎደለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሦስት ሰው የጎደለውን ከሰማ አንዱ የሚፈልገው ሌላው ዘንድ መኖሩን ያውቃል፤ ኮሚሽኑ ከዚያ ይመጣል። ነጋዴውም እንዲሁ ያለውን ሳይሆን የጎደለውን ይዞ ቢገባ ይሻለዋል። «ምርጥ ሴራሚክ እሸጣለሁ» ያለውን ማንም አያስታውሰውም። «በየሳምንቱ ወደ ሐዋሳ ግማሽ ጭነት አለኝ፤ ባዶውን የሚመለስ መኪና ያለው ሰው እፈልጋለሁ» ያለውን ግን የጭነት መኪና ያለው ሰው ሻዩን ትቶ ይመጣበታል። ሌላውም «እኔም ግማሽ ጭነት አለኝ» ይላል። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ከተቀመጡ በሁለተኛው ስብሰባ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ በአራተኛው አንዱ ለአንዱ ጅምላ ሻጭ ዘንድ አፍ ይሆንለታል።

አንድ ነገር መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚነግዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ወሬው ብዙ ሳይቆይ ወደ ዋጋ ይዞራል፤ «ሁላችንም በዚህ ዋጋ ብንይዝ» የሚል አይጠፋም። ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ እንዳይወስኑ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ከከለከለ ቆይቷል። የንግድ ወዳጅ ለማግኘት የሄደ አዲስ ሰው እንደ ቀልድ በተነገረ የዋጋ ስምምነት ውስጥ ራሱን እንዳያገኘው፣ ወሬው ወደዚያ ሲያዘነብል ሻዩን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ቢሻገር ይሻለዋል።

ከስብሰባው ማግስት የሚሠራ ሥራም አለ። ከሃያ አምስቱ ካርድ ሃያ ሁለቱ በላስቲክ ቢታሰሩ ጉዳት የለውም። ከሦስቱ ጋር ግን በሦስት ቀን ውስጥ መደወል ያስፈልጋል፤ ለመሸጥ ሳይሆን «ያልከኝን ሰው አገኘህ?» ብሎ ለመጠየቅ። በሚቀጥለው ወር ጥሪ ሲመጣ ነጋዴው ካርዱን ከማሳተሙ በፊት ከሦስቱ ለአንዱ «ትመጣለህ?» ብሎ ይደውልና አብረው ይገባሉ። ያን ዕለት አምድ ሥር የሚቀመጥበት ምክንያት አይኖረውም።