መድኃኒቱ ሲሰጥ ትኩሳቱም ይታሰብ

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አይሮፕላኖች በወገኖቻችን ላይ ያፈሰሱት የሰናፍጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ የሆነ ኬሚካል፣ በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ለነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒት ለመሆን በቃ። ዛሬ የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋሚድም ከዚያው የዘር ሐረግ የመጣ ነው። ይህን የምናነሣው መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላትን አጥርቶ የማይለይ ብርቱ ነገር መሆኑን ለማስታወስ ነው። ፈጥኖ የሚራባውን የነቀርሳ ሕዋስ ሲገድል፣ የጠጕርን ሥር፣ የአፍንና የአንጀትን ሽፋን፣ ከሁሉም በላይ ነጭ የደም ሕዋስ የሚመረትበትን መቅኔ አብሮ ይመታል።

የቡታጅራ ሕመምተኛ ለዚህ መርፌ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ተወግቶም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ነጭ የደም ሕዋሱ እጅግ የሚያንሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው። ያን ጊዜ እርሱ በመንደሩ፣ ሐኪሙ በከተማ ናቸው። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ነገሩ የቀን ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፀረ ባክቴሪያ ሊጀመርለት ይገባል። ፓራሲታሞል ውጦ «እስከ ነገ ልየው» ማለት፣ ነቀርሳው ያልገደለውን ሰው ለትኩሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

ፍቅራችንም ሳናውቀው ይጎዳዋል። ጠያቂ ቤቱን ይሞላል፤ ከመካከሉም የሚያስል አይጠፋም። ይጠገን ተብሎ ጥሬ ክትፎ ይቀርብለታል። በእነዚያ ቀኖች ሥጋው በደንብ ይብሰል፣ ጕንፋን የያዘው ዘመድም ከደጅ ይጠይቅ ማለት ባህልን መናቅ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የመድኃኒቱ ስምና የተወጋበት ቀን የተጻፈበት፣ «ትኩሳት ሲመጣ አትዘግይ» የሚል ካርድ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ቡታጅራን በመሰለ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሁሉ ካርዱን ይዞ የመጣውን ተራ ሳያስጠብቅ ይቀበለው። ሦስተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእነዚያ ቀኖች ቴርሞሜትር ይዘው ይጎብኙት።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚሉን ይኖራሉ። ካርድና ቴርሞሜትር ግን ለመርፌውና ለመንገዱ ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ ዙሪያ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግብ ነበር። ሞትን መቍጠር የቻለ ትምህርት፣ ሊቀር የሚችለውን ሞት ማስቀረትም አያቅተውም። መምህሮቻችን ካርዱን ይጻፉት፤ እኛም በክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ተሸክመን እናድርሰው።