በፕላን የሚሸጥ የከተማ ዳርቻ ቤት፡ ጥቅሙና ሥጋቱ

ግንባታው ያልተጀመረ ወይም ያልተጠናቀቀ ቤት መሸጥ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ እንግዳ ነገር አይደለም። ከሲኤምሲና ከአያት እስከ ለገጣፎ በሚዘልቀው ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ታውን ሃውስ በመባል የሚታወቁት በረድፍ የሚሠሩ ተያያዥ ቤቶች ብዙውን ጊዜ ለገዥው የሚቀርቡት በፕላንና በሥዕል ነው።

የግዥው ዋነኛ ማራኪነት ዋጋው አስቀድሞ መወሰኑና ክፍያው በየደረጃው መከፋፈሉ ነው። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠ ሰው የመግዛት አቅሙ ሲሸረሸር ተመልክቷል። በአንጻሩ ቀደም ብሎ በቁርጥ ዋጋ የተዋዋለና ቤቱን በወቅቱ የተረከበ ገዥ ተጠቃሚ ነበር። የረጅም ጊዜ የቤት ብድር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር በየደረጃው መክፈል መቻልም ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በጥሞና ሲታይ ገዥው የቤት ባለቤት ከመሆኑ በፊት የአልሚው አበዳሪ ሆኖ ይገኛል፤ ያውም ወለድ የማይከፈለውና መያዣ የሌለው አበዳሪ። ባንክ ለዚያው አልሚ ሲያበድር መያዣ ይጠይቃል። በገዥው እጅ የሚቀረው ግን ውሉና የክፍያ ደረሰኙ ብቻ ነው። አክሰስ ሪል ስቴት ከ2 ሺህ ከሚበልጡ ቤት ፈላጊዎች ቅድመ ክፍያ ሰብስቦ ቤቶቹን በወቅቱ ማስረከብ ባለመቻሉ ለዓመታት የዘለቀው ውዝግብ ይህንኑ በግልጽ አሳይቷል።

አልሚው ባይከስርም መዘግየቱ ራሱ ዋጋ አለው። ለአብነት ያህል በወር 25 ሺህ ብር ኪራይ የሚከፍል ቤተሰብ ርክክቡ በሁለት ዓመት ቢዘገይበት 600 ሺህ ብር ተጨማሪ ወጪ ይገጥመዋል። በውሉ የሠፈረው የመዘግየት ቅጣት ከዚህ የሚያንስ ከሆነ ጥበቃነቱ ለስሙ ያህል ነው።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ ቁርጥ ዋጋ የተባለው ሁሉ ቁርጥ አለመሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። የማጠናቀቂያ ዕቃዎች በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ያለበት ውል የፈረመ ገዥ የጭማሪውን ሸክም ለመጋራት ይገደዳል።

በሕግ ረገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተፈረመ ወረቀት ይህን አያሟላም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የሪል ስቴት ልማትና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ ለዘርፉ ራሱን የቻለ የሕግ ማዕቀፍ አስገኝቷል። አዋጁ ግን የቦታውን ካርታ ሄዶ የማጣራቱን ሥራ ለገዥው አይሠራለትም። ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር በመሆኗ በዚያ የሚገዛ ሰው የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የግንባታ ፈቃዱንና ዕዳና እገዳ አለመኖሩን መጠየቅ ያለበት ከዚያው አስተዳደር እንጂ ከአዲስ አበባ አይደለም።

ተያያዥ ቤት ብዙም የማይነሳ ሌላ ጉዳይ አለው። አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃን ሲተረጉም ፎቆችን ብቻ ሳይሆን በረድፍ የተሠሩ ቤቶችንም ያካትታል። በመሆኑም ግቢው፣ መንገዱና የውኃ መስመሩ የጋራ ይሁን የግል፣ የጥገና ወጪውንስ ማን እንደሚሸፍን ቅድመ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት በውሉ ሊሠፍር ይገባል።