ማር ለውሻ ይሰጣል ወይ?



ባለፈው እሑድ የዕድራችን ስብሰባ ካለቀ በኋላ፣ ወንበሩ ሳይሰበሰብ፣ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዲት እኅታችን «ውሻችን ሰሞኑን ያስለዋል፤ ማር ባልሰው ይጎዳው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ አረፈው። ግማሹ «ማር እኮ መድኃኒት ነው፤ ምን ይጎዳል?» አለ። የቀረው ደግሞ «ኧረ ለልጆቻችን ያልተረፈ ማር ለውሻ!» እያለ ሳቀ። እኔ ያን ዕለት ዝም አልኩ። የምናገረው አጥቼ አልነበረም። ጉዳዩ የራሴን ጥፋት ስለሚነካና በሰው ፊት ለመናገር ስላፈርኩ ነው። ይሁን እንጂ እቤት ገብቼ ሳስበው፣ እኔ አፍሬ ዝም ስል ሌላው ያንኑ ስሕተት እንዳይደግም ሠጋሁ። ስለዚህ በዚህ ሰሌዳ ላይ አስተያየቴን ልጽፍ ተነሣሁ።

አስቀድሜ ለተጠየቀው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ልስጥ። ማር ለውሻ መርዝ አይደለም። ያደገና ጤነኛ የሆነ ውሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ቢልስ አንዳች ነገር አይሆንም። ከጠረጴዛ ላይ የተረፈ የማር ሰሃን ጠራርጎ ቢገኝም መደንገጥ አያስፈልግም። ማር ከአምስት እጅ አራቱ ስኳር ነው፤ ከቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ውሻ ደግሞ ጣፋጭ ይወዳል፤ እንደ ሰው ጣፋጩን በምላሱ ይለየዋል። ድመት ግን ማር ቢቀርብላት አሽትታ ጥላው ትሄዳለች። ይህን የድመት ኩራት የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን ኩራት አይደለም፤ በተፈጥሮዋ የጣፋጭ ጣዕም አይሰማትም።

መጠኑን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ወደ 20 ካሎሪ ይይዛል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ተኝቶ ቢውል እንኳ በቀን 400 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ነገር ከቀኑ ምግብ አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ ይመክራሉ። እንግዲህ አንድ ማንኪያ ብዙ አይደለም፤ አንድ ኩባያ ግን ያስቀምጠዋል። በየቀኑ ከለመደው ይወፍራል፤ ጥርሱም ይጎዳል። የስኳር በሽታ ላለበት ወይም ከልክ በላይ ለወፈረ ውሻ ጭራሹን አይሰጥም። ሰፈፉን ከነማሩ መጣልም ደግ አይደለም፤ ሰም አይፈጭም፤ ብዙ ከሆነ አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

ለቡችላም አይሰጥም፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ለውሻ ብቻ የሚቀር አይደለም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ በዘር መልክ ተኝቶ ሊገኝ ይችላል። ማሩ የተበላሸ ሆኖ አይደለም፤ የጠራውም፣ ነጩም፣ ከገዳም የመጣውም ቢሆን ያው ነው። ያደገ ሰውም ሆነ ያደገ ውሻ አንጀቱ ስለጠነከረ ያ ዘር ሳይበቅል ያልፋል። አንጀቱ ገና ያልጠነከረ ሕፃን ሆድ ውስጥ ግን ሊበቅልና መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ በሕፃናት ላይ መድረሱ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሕፃኑ ጡት መሳብ ይሳነዋል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ሲብስም መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር በጣት እንኳ አይቀመስም። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ወይም ማር የማቅመስ ልማድ በመንደራችን ጨርሶ አልጠፋም። አያቶች ይህን ስጽፍ እንደምትቆጡኝ አውቃለሁ። «እኛ አልቀመስንም ወይ? ልጆቻችንስ አላደጉም ወይ?» ትላላችሁ። ልክ ነው፣ አብዛኛው ልጅ አድጓል። ያላደገው ግን በምን እንደሞተ ማን መረመረው?

ወደ ውሻው ልመለስ። በኔ አስተያየት ከማሩ ይልቅ የሚያስፈራው ከማሩ ጋር የሚቀላቀለው ነው። እኛ ሰዎች ጉንፋን ሲይዘን ማሩን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ አንዳንዴም በሎሚ አድርገን እንወስዳለን። ለኛ ደግ ነው። ለውሻ ግን ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ቀይ ሽንኩርት መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ባለቤቱም «ማሩን ሰጥቼው ነበር፤ በሽታው ግን ጠናበት» ይላል። ጠጅም እንዲሁ ነው። ማር ነው ተብሎ አተላውን ወይም ብርዙን ለውሻ የሚደፋ ሰው አይቻለሁ፤ መጠጥ የውሻን ሰውነት ከሰው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። ዘቢብ ኩላሊቱን ያጠፋል። ቸኮላትና ቡናም አይሰጡም። ስኳር አልባ የሚባለው ማስቲካ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት፤ ይህ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ልጆች ማስቲካ ለውሻ እየወረወሩ ሲጫወቱ ያየ ወላጅ ይከልክል።

ስለ ማር መርዝነት ከተነሣ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በቱርክ አገር፣ ዱዝጄ በሚባል ክፍለ ሀገር፣ አንዲት የድብ ግልገል «ያበደ ማር» የሚባለውን በልታ ሰክራ ተገኝታለች። በመኪና ጭነው ወደ እንስሳት ሐኪም ሲወስዷት የተነሣው ፊልም ዓለምን ሁሉ አሥቋል፤ ድቧም ድናለች። ያ ግን ንቦቹ ሮዶደንድሮን ከሚባል አበባ የቀሰሙት የተለየ ማር ነው። ከገበያ ገዝተን እቤታችን ያስቀመጥነው ማር ከዚያ ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ላይ «ደፋር» የሚባል ውሻ ነበረን። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በሬን ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ምግብ እምቢ አለ። በማግስቱ ድምፁ ሻከረ፣ አፉ ገርበብ ብሎ ቀረ፣ ለሃጩ ይንጠባጠብ ጀመር። ውሃ ሲቀርብለት ሊጠጣ ይሞክራል፤ መዋጥ ግን አልቻለም። አላጉረመረመም፣ ማንንም አልነከሰም፤ እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ዝም አለ። እኛም «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» አልን። ባለቤቴ ማር አመጣች። እኔ አፉን ከፍቼ ያዝኩ፤ የዚያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ በጣቷ ማሩን ከምላሱ ሥር ቀባችው። ማሩ ጉሮሮውን ያለሰልስለታል፣ አጥንቱም ይንሸራተታል ብለን ነው። ይህን ሁለት ቀን አደረግን። ወንድሜም ሊጠይቀን መጥቶ አንድ ጊዜ አግዞናል።

በሦስተኛው ቀን ጡረታ የወጡ አንድ የጤና ባለሙያ ጎረቤታችን ገብተው አዩት። ከበር ላይ ሆነው «ምን እያደረጋችሁ ነው? እጃችሁን! አሁኑኑ በሳሙና!» ብለው ሲጮኹ አሁንም ይሰማኛል። ውሻው በዚያው ሌሊት ሞተ። እኔም ሞኙ በማለዳ ተነሥቼ ከጓሮ ቀበርኩት። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው ተመርምሯል ወይ?» የሚል ሆነ። አልተመረመረም። ክትባትስ ነበረው? አልነበረውም። «እንግዲያውስ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብለን እንነሣለን» ተባልንና አራታችንም መርፌውን ጀመርን። እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ነገር ግን ያን ሰሞን ልጄ ራሴን አመመኝ ባለች ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ እንዴት እንዳደርኩ ልነግራችሁ አልችልም።

ብዙ ሰው ያበደ ውሻ ሲባል የሚታየው እየሮጠ የሚናከስ ነው። እንዲህ ያለው አለ። ነገር ግን ዝም የሚል፣ መንጋጋው የሚወድቅ፣ ለሃጩ የሚፈስና መዋጥ የሚያቅተው ዓይነትም አለ፤ ይህኛው የሚያሳዝንና የታመመ ስለሚመስል ሰው እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። በሽታው ያለው በምራቁ ነው። ጣት ላይ ትንሽ ጭረት ካለ በቂ ነው። ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ስለሆነ፣ ሰው ውሻውን ረስቶት ሳለ ይመጣበታል። ክትባቱ ግን በጊዜው ከተጀመረ ያድናል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ በዚህ ክትባት ያዳነው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ ሰው በዚህ በሽታ መሞቱ ያስቆጫል።

ስለዚህ ያቺ እኅታችን የጠየቁት ሳል ብቻ ከሆነ፣ አንድ ማንኪያ ንጹሕ ማር ሰሃን ላይ አድርገው ቢያስቀምጡለትና ራሱ ቢልስ ጉዳት የለውም። ጉሮሮውን ያለሰልስለት ይሆናል፤ የሳሉን መነሻ ግን አያድንም፤ ሳሉ ካልተወው የእንስሳት ሐኪም ይየው። ራሱ መላስ ወይም መዋጥ ካቃተው ግን፣ ድምፁም ከተለወጠ፣ አፉን ከፍቶ ማር መቀባት የለም። ውሻውን ከልጆች ለይቶ ዘግቶ ሐኪም መጥራት ነው። ከሞተም እንደኔ ቸኩሎ መቅበር አይገባም፤ መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠየቅ።

ከተነከሱ ደግሞ ቁስሉ ላይ ማር፣ የቡና ዱቄት፣ ቅጠል፣ በርበሬ እያሉ መነስነስ ይቅር። ማር ለሌላ ቁስል ይጠቅም ይሆናል፤ የውሻ ንክሻ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃና ሳሙና ነው። 15 ደቂቃ ሙሉ፣ በሰዓት ተይዞ፣ ይታጠብ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ፤ መርፌውን ግን አያስቀር። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቅ እንጂ በድንጋይ አይገደል፤ ከተገደለ ታሞ እንደነበረ በምን ይታወቃል?

«ለልጆቻችን ያልተረፈ ማር» ብላችሁ ለሳቃችሁት ደግሞ፣ በግማሽ እስማማለሁ። የማር ዋጋ ዛሬ ምን ላይ እንደደረሰ ቤት የሚያስተዳድር ያውቀዋል፤ በዚያ ላይ ስኳር የተቀላቀለበት ስንቱ ነው! ውሻ ማር አያስፈልገውም። ፍርፋሪውንም ቢሆን በሰዓቱ፣ ንጹሕ ውሃም በጣሳው ካገኘ ይበቃዋል። የማልስማማው በሳቁ ነው። ሌሊት ሌባ ሲመጣ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ክረምት ከበረንዳ ውጭ የሚያድረውም እሱ ነው። ለማር የምናወጣውን ትተን ለክትባቱ ብናወጣ ግን ውሻውም ልጆቹም ይጠበቃሉ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል።

በዚህም መሠረት በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የውሻ ባለቤቶች ገንዘብ አዋጥተን የእንስሳት ሐኪም አንድ ቅዳሜ መንደራችን ድረስ መጥቶ እንዲከትብልን ብንጠይቅ ለእያንዳንዳችን ወጪውም ድካሙም ይቀንሳል። ባለቤት የሌላቸውን ሦስቱን፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሚውሉትን፣ የማስከተቡን ወጪ እኔ እችላለሁ። ውሻ ያላችሁ የውሻችሁን ስም፣ ዕድሜና ከዚህ በፊት ተከትቦ እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ለዕድሩ ጸሐፊ ስጡ። የሚያስለው ውሻ ባለቤት የሆኑት እኅታችን ግን ስብሰባውን አይጠብቁ፤ ነገውኑ ይውሰዱት፤ ጋሪ ካስፈለገ የኔ አለ።

ከነዋሪዎች አንዱ