ፊርማ ካላየ የማያምን አሠሪ

«ውል አልፈረምሽም እኮ!» ይህችን አባባል ሰምቶ የማያውቅ የግል ድርጅት ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም። የምትመጣው ደግሞ ሁልጊዜ በክፉ ሰዓት ነው፤ ሠራተኛዋ የዓመት ፈቃድ ስትጠይቅ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬስ ስትል፣ ወይም ከነገ ጀምሮ አትምጪ ስትባል። ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ ማታ 11 ሰዓት ስትወጣ፣ አምስት ደቂቃ ባረፈደች ቁጥር ከደመወዟ ሲቆረጥ፣ የፊርማዋን ነገር ያነሳ አልነበረም። ለመቅጣት ሠራተኛ ነበረች፤ ለመክፈል ጊዜ እንግዳ ሆነች።

የአሠሪው ብልጠት አይገርመኝም። ላለመክፈል ሰበብ የሚፈልግ ሰው ሰበብ አያጣም። የሚገርመኝ ይህ አባባል በሌላውም ወገን እንደ ሕግ መወሰዱ ነው። ሠራተኛዋ ታምነዋለች። ጓደኛዋ «ድሮም ሳትፈርሚ መጀመር አልነበረብሽም» ብላ ትወቅሳታለች። የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል የተቀመጡ፣ ሕጉን ያውቃሉ የሚባሉ ሰዎች ሳይቀሩ በሙሉ ልብ ይናገሩታል። ስህተት መሆኑን ለማወቅ ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን የመጀመሪያ ጥቂት ገጾች መግለጥ ይበቃል።

አንቀጽ 4 የሥራ ውል የሚመሠረተው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ሲስማማ ነው ይላል። ና ተብሎ መጥቶ፣ ይህን ሥራ ተብሎ የሠራ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን የተቀበለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይስማማ? አንቀጽ 5 ይቀጥልና በሕግ በሌላ አኳኋን ካልተደነገገ በቀር የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። በቃል ይሆናል ማለት ነው። አንቀጽ 8 ደግሞ የጽሑፍ ውል ሥርዓቱ አለመሟላቱ ሠራተኛውን በአዋጁ ያገኘውን መብት እንደማያሳጣው ይደነግጋል። አሠሪው ውል ስላላስፈረመ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን፣ ትርፍ ሰዓቱን አያጣም። ሕግ አውጪው ይህን ሰበብ አስቀድሞ አይቶታል፤ አንድ ሙሉ አንቀጽ የጻፈው ለዚሁ ነው።

የጽሑፍ ግዴታ አለ ከተባለም ያለው በአሠሪው ላይ ነው። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ስለዚህ «አልፈረምሽም» የሚለው አሠሪ የራሱን ጥፋት ለሠራተኛዋ እያሸከማት ነው። አብዛኛውን ጊዜማ እሷ ፈርማለች። ሦስት ኮፒ ቀርቦላት በየገጹ ግርጌ ፈርማ፣ ወረቀቱ «ለሥራ አስኪያጁ ፊርማ» ተብሎ ወደ ላይ ወጥቷል። እዚያው ቀርቷል። በጠየቀች ቁጥር «ማኅተም አልተመታበትም» ትባላለች።

እዚህ ላይ የተያዥን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ገንዘብ ያዥ፣ ሾፌር ወይም ንብረት ጠባቂ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተያዥ አምጣ ይባላል። ተያዡ መታወቂያውንና የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ ቀርቦ፣ ለምን ያህል ገንዘብ ዋስ እንደሆነ ተጽፎ ይፈርማል። ቢሮው ይህን አይስትም፤ ምክንያቱም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1725 እና 1922 መሠረት በጽሑፍ ያልተደረገ ወይም ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጠቀሰበት ዋስትና አይጸናም። አሠሪው ራሱን የሚጠብቅበት ወረቀት ሲሆን የሕጉ ዝርዝር በቃሉ ነው፤ ፊርማውም በመጀመሪያው ቀን ይገኛል። ሠራተኛውን የሚጠብቀው ወረቀት ግን ስምንት ወር ሥራ አስኪያጅ ይጠብቃል።

እውነትም ያልፈረመችበት ወረቀት ደግሞ በሌላ ቀን በሌላ ፊት ይመጣል። ሠራተኛዋ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ልልቀቅ ስትል ከመሳቢያ ወጥቶ «ውሉ ላይ እኮ አለ፤ ዓመት ሳትሞዪ ከለቀቅሽ የሦስት ወር ደመወዝ ትከፍያለሽ» ይባላል። መብት ስትጠይቅ ያልነበረው ውል ቅጣት ሲፈለግ ተገኘ። እውነት ነው፣ ሳትፈርም የሠራችበት ወረቀት ሁሉ ባዶ ነው አይባልም። የሥራው ዓይነትና ደመወዙ በተግባር የተስማማችበት ነው፤ በየወሩ ተቀብላዋለች። ቅጣት ግን በሥራ ላይ በመገኘት ብቻ የሚገባበት ነገር አይደለም። ተሠልጥና፣ ለሥልጠናው ይህን ያህል ጊዜ አገለግላለሁ ብላ የፈረመች ሠራተኛ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ፍርድ ቤት ሊያጸናባት ይችላል። አይታው ያልፈረመችውን ቅጣት ግን ከየት አምጥቶ ያስከፍላታል? ሳትፈርምም የሚያስራት ነገር አለ፤ እሱም የአዋጁ ግዴታ ነው። ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት። ሳትሰጥ ብትሄድ የምትከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም።

የሙከራ ጊዜም እንዲሁ ነው። «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» ማለት ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ አስወጣሻለሁ ማለት ስለሆነ፣ አዋጁ የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ60 የሥራ ቀንም እንዳይበልጥ አድርጓል። ስምምነቱ በጽሑፍ ከሌለ ሙከራም የለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ሠራተኛ ናት። ፊርማ አምላኪው አሠሪ በገዛ ሃይማኖቱ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው።

የኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ይህ እምነት ሠራተኛውን ራሱን የሚያስጠቃበት ቦታ መኖሩ ነው። «ካልፈረምኩ አይመለከተኝም» ብሎ የተቀመጠ ሰው በአንቀጽ 7 ይወድቃል። አሠሪው ያን የ15 ቀን ደብዳቤ ከሰጠው፣ ሠራተኛው ደግሞ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ በሙሉም ሆነ በከፊል ካልተቃወመ፣ ደብዳቤው በሁለቱ መካከል እንደተደረገ ውል ይቆጠራል። የሠራተኛው ፊርማ አያስፈልግም። የተነገረውን የሥራ መደብ ዝቅ አድርጎ፣ ደመወዙን ቀንሶ የጻፈ ደብዳቤ በቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ሲቀመጥ፣ በ16ኛው ቀን ውል ሆኖ ያድራል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም እያለ፣ ደካማውን ወገን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ የደካማውን ዝምታ እንደ እሺታ መውሰዱ ለኔ አይዋጥልኝም። አሠሪው ቢያንስ «ካልተቃወምክ ይህ ውልህ ነው» ብሎ እዚያው ደብዳቤ ላይ እንዲጽፍ መገደድ ነበረበት። እስከዚያው ድረስ ሁለት መስመር መቃወሚያ ጽፎ፣ በመዝገብ ቤት አስመዝግቦ፣ ቀሪው ላይ የተቀባዩን ቀንና ፊርማ ማስያዝ ነው ያለው።

ፊርማ መኖሩም ቢሆን የተባለውን ያህል አያደርግም። ከሕግ በታች የሆነ ውል ተፈርሞም አይረዳም፤ በሳምንት 60 ሰዓት በመደበኛ ደመወዝ እሠራለሁ ብላ ብትፈርም፣ ከ48 ሰዓት በላይ ያለው ትርፍ ሰዓት ነው። ለዘወትር ሥራ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ውል ማስፈረምም ሠራተኛዋን ጊዜያዊ አያደርጋትም፤ በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች ውጭ የሆነ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። (ብዙ ጊዜ አንድም ወረቀት ሳይኖራት የምትሠራው የቤት ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ ውጭ መሆኗ የራሱ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ነውር ነው።)

አሠሪዎች «እንዲህ ከሆነማ በበራችን ያለፈ ሁሉ ሠራተኛህ ነኝ ይለናል» ይላሉ። አይልም። ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ማስረዳት አለበት፣ ማስረዳትም ቀላል አይደለም። የማይቻል ግን አይደለም። ውሉ የጽሑፍ ፎርም ስለማያስፈልገው በምስክርም ይረጋገጣል። በየወሩ በባንክ የገባ ደመወዝ አለ፤ ደረቱ ላይ የሚንጠለጠል የድርጅቱ መታወቂያ አለ፤ ኃላፊው በቴሌግራም የላከው ትእዛዝ አለ። የጡረታ መዋጮ ከተከፈለማ፣ 7 በመቶ ከሠራተኛዋ፣ 11 በመቶ ከድርጅቱ ሆኖ በስሟ ተመዝግቧል። ለጡረታ መሥሪያ ቤት ሠራተኛዬ ናት ብሎ አስታውቆ፣ ለፍርድ ቤት አላውቃትም ማለት የሚከብድ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አይጠብቅም፤ ይርጋ። የተሰናበተች ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ የምትል ከሆነ ክስ ማቅረቢያዋ 3 ወር ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ለመጠየቅ 6 ወር። «ውሉ ተፈርሞ ይውረድና እናያለን» እየተባለች የምትመላለስባቸው ሳምንታት የሚቀነሱት ከዚሁ ላይ ነው።